ሳይናዘዝ ያረፈ ነጋዴ ሱቁን ማን ይከፍታል?

በመርካቶም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ የገበያ ቦታዎች በአንድ የሱቅ በር ላይ ሁለትና ሦስት ቁልፍ ተንጠልጥሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። አላፊ አግዳሚው ሌባ ተፈርቶ ሊመስለው ይችላል። የአካባቢው ነጋዴ ግን ነገሩን ያውቀዋል። ባለቤቱ አርፎ ሚስት አንዱን ቁልፍ፣ የመጀመሪያው ትዳር ልጅ ሁለተኛውን፣ «ገንዘብ አለኝ» የሚል ባለዱቤ ደግሞ ሦስተኛውን አስገብቷል ማለት ነው። ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ ዕቃው አቧራ ይጠጣል፤ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል፤ የባንክ ብድር ካለ ግን ወለዱ ሐዘን አያውቅምና መቆጠሩን አያቋርጥም።

ይህ ሁሉ ወጪ በአንድ ሁለት ገጽ ወረቀት ሊቀር ይችል የነበረ ነው። ወረቀቱ ኑዛዜ ይባላል። አስገራሚው ነገር ደግሞ አንዲት ኩንታል ሳይመዘገብ ከመጋዘን የማያስወጣ ነጋዴ፣ በዕድሜው ሙሉ ያፈራውን ሀብት በጠቅላላ የሚያስተላልፍበትን ይህን ሰነድ ሳይጽፍ መሞቱ ነው።

ለዚህ ቃሉ ራሱ ሳያግዝ አልቀረም። በአማርኛ ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ የሚናገርም «ተናዘዘ» ይባላል፤ ሀብቱን የሚያከፋፍልም «ተናዘዘ» ይባላል። ጉዳዩ ከሕመም አልጋና ከካህን ጋር ተጣብቆ የቀረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጤነኛ የ45 ዓመት ሰው «ልናዘዝ ነው» ቢል ቤተሰቡ «ምን ታይቶህ ነው? ሟርት አታውራ» ብሎ ይቆጣዋል። ይኸው ሰው ለመኪናው መድን ሲገባ ግን አደጋ ጠራህ የሚለው የለም።

500 ብር

በኢትዮጵያ የውርስ ጉዳይ የሚመራው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ የጋብቻው ክፍል በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲተካ የውርሱ ክፍል ግን እስካሁን በሥራ ላይ ይገኛል። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። እነዚህም በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ ናቸው።

ኅብረተሰቡ በልማድ የሚያውቀው የመጨረሻውን ነው። ሰው ሲያጣጥር ጎረቤት ይጠራል፤ «ቤቱን ለእገሌ፣ ሱቁን ለእገሊት» ይባላል፤ የሰማ ሁሉ ምስክር ነኝ ይላል። ሕጉ ግን ለቃል ኑዛዜ የሰጠው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። መሞቻው የደረሰ መሆኑ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት ስለ ቀብሩና ስለ ልጆቹ አሳዳሪነት መናገር ይችላል። ንብረት ማደል ከፈለገ ግን እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር 200 ዶላር ገደማ ነበረ፤ ለአንድ ዘመድ መታሰቢያ የሚበቃ ገንዘብ ነው። ዛሬ ለአንድ ቀን አስቤዛ እንኳ አይበቃም፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው። በዚያ ላይ ታማሚው ድኖ ሦስት ወር ከኖረ የቃሉ ኑዛዜ ዋጋ ያጣል። እንግዲህ በአልጋ ላይ በቃል የተላለፈ ፎቅ ቤት ሁሉ በሕግ ዓይን አልተላለፈም ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ተናዛዡ በገዛ እጁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጽፈው ነው። ምስክር አያስፈልገውም። ጽሑፉ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ እያንዳንዱ ገጽም ቀንና ፊርማ የያዘ መሆን ይኖርበታል። ርካሽና ምስጢር ጠባቂ ቢሆንም ሁለት ወጥመድ አለበት። አንደኛው፣ ብዙ ሰው ለማሳመር ሲል ለማመልከቻ ጸሐፊ ሰጥቶ ያስተይበዋል፤ በሌላ ሰው ጣት የተተየበ ጽሑፍ ደግሞ «በተናዛዡ ጽሑፍ» መባሉ ይቀራል። ሁለተኛው፣ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። በ40 ዓመቱ ጽፎ ካዝና ውስጥ የቆለፈበትና በ60 ዓመቱ ያረፈ ሰው ምንም እንዳልጻፈ ይቆጠራል።

ጠበቆች የሚመርጡት በግልጽ የሚደረገውን ነው። ራሱ ተናዛዡ ወይም እሱ እየነገረው ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ዋናው ቁም ነገር በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ፣ የመነበቡም ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በራሱ በጽሑፉ ላይ መገለጹ፣ ከዚያም ሁሉም ወዲያው መፈረማቸው ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። «በፊታችን ተነቧል» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ተረስታ ከቀረች ኑዛዜው ይፈርሳል። ጠበቃ የሚያስፈልገው ከዚህ ጀምሮ ነው፤ ልጆቹ በፍርድ ቤት የሚከራከሩት ብዙውን ጊዜ አባታቸው ምን እንደፈለገ ጠፍቷቸው ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ምን እንደጎደለ አይተው ነው።

ተናዛዡ ሰነዱን ሕዝቡ ዛሬም «ውልና ማስረጃ» እያለ በሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ቢያረጋግጥ ቅጂው እዚያው ስለሚቀመጥ የመጥፋትም የመካድም ሥጋት ይቀንሳል። ጠንቃቃ ጠበቃ ደግሞ ከስጦታው አንዳች የሚደርሰው ሰው በምስክርነት እንዲቆም አይፈቅድም።

ባልና ሚስት «እኔና ባለቤቴ ተስማምተን» ብለው በአንድ ወረቀት ላይ የሚጽፉት ኑዛዜም ፈራሽ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ፍቅራቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም ሕጉ ኑዛዜን የአንድ ሰው የግል ሥራ ያደርገዋል፤ ሁለት ሰው ሁለት ወረቀት ያስፈልገዋል።

የሚስት ድርሻ

ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚሳሳተው በትዳር ጓደኛ ጉዳይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ወራሽ አይደሉም። ያለ ኑዛዜ ሲሞት መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም እኩል። ከጋብቻ ውጪ የተወለደውም፣ በጉዲፈቻ የመጣውም፣ ሴቷም ወንዱም በዚህ አይለያዩም። ተወላጅ ከሌለ ወላጆች ይከተላሉ። የትዳር ጓደኛ የምታገኘው በጋብቻው ዘመን ከተፈራው የጋራ ሀብት የራሷን ግማሽ ነው፤ ይህ ደግሞ ድሮም የእሷ የነበረ እንጂ የወረሰችው አይደለም።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይጠራል። ለምሳሌ ያህል አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሲያርፍ 14 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት፣ የ6 ሚሊዮን ብር ዕቃ እና በባንክ 4 ሚሊዮን ብር ትቶ፣ በሌላ በኩል 4 ሚሊዮን ብር የባንክ ዕዳ አለበት እንበል። ሁሉም የጋራ ሀብት ነው። ከሚስቱ ሦስት፣ ከቀድሞ ትዳሩ አንድ ልጅ አለው። ዕዳው ሲከፈል በባንክ ያለው ገንዘብ ያልቃል። የቀረው ቤትና ዕቃ 20 ሚሊዮን ብር ነው። አሥሩ የሚስት፣ አሥሩ የአራቱ ልጆች ይሆናል፤ ለእያንዳንዳቸው 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር።

በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ክፍፍል ውስጥ አንድም ጥሬ ገንዘብ የለም። የቀድሞው ትዳር ልጅ «ድርሻዬን በብር» ካለ ከየት ይመጣል? ሚስት ቤቱን ልውሰድ ብትል ዋጋው ከድርሻዋ በ4 ሚሊዮን ብር ስለሚበልጥ ልዩነቱን ለልጆቹ መክፈል አለባት። ዕቃው ይሸጥ ቢባል ቤተሰቡ የሚኖርበት ንግድ ይዘጋል። መግባባት ከጠፋ መጨረሻው ሐራጅ ነው፤ በሐራጅ የተሸጠ ቤት ደግሞ ገበያው በሚሰጠው ዋጋ ላይሸጥ እንደሚችል ማንም ያውቃል።

እዚህ ላይ ነው ኑዛዜ ሥራውን የሚሠራው። ሟች በገዛ ግማሹ ላይ ብቻ የመናዘዝ ሥልጣን እንዳለው አይዘንጋ፤ «ቤቴን በሙሉ» ብሎ የሚጀምር ኑዛዜ የሚስቱን ግማሽ ሊሰጥ አይችልም። በራሱ ግማሽ ግን ብዙ ማድረግ ይችላል። ለምሳሌ በቤቱ ውስጥ ያለውን ድርሻ ባለቤትነት ለልጆቹ ትቶ፣ ሚስቱ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እንድትኖርበት የአላባ ጥቅሙን ለእርሷ ሊሰጥ ይችላል። ሱቁን አብሮት ለሚሠራው ልጅ አድርጎ፣ ልጁ የወንድምና እህቶቹን ድርሻ በተወሰነ ዓመት ውስጥ እየከፋፈለ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ንግዱ አይዘጋም፤ ቤቱም ሐራጅ አይወጣም። እንዲህ ያለው አከፋፈል ከጠበቃ ሌላ የሒሳብ ሠራተኛም የሚጠይቅ ነው።

ያም ሆኖ አባት እንደፈለገ ያድላል ማለት አይደለም። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው ምክንያቱ በኑዛዜው ላይ በግልጽ ሲጻፍ ነው። ምክንያቱ እውነት ስለመሆኑ ፍርድ ቤት አይመረምርም፤ ለመንቀል የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ግን ይመዝናል። «ስላልወደድኩት» የሚለው አያዋጣም። ሳይነቀል ድርሻው ያነሰበት ተወላጅም ቢሆን ጉድለቱ ሊደርሰው ከሚገባው ከሩብ በላይ ከሆነ ክፍፍሉን ሊቃወም ይችላል።

ብር ሲረክስ

የሩቡ ነገር የገበያ ጉዳይ ያደርገዋል። በ2010 ዓ.ም. አንድ አባት «ቤቱ ለልጄ ለእገሌ፣ 2 ሚሊዮን ብር ለእገሊት» ብሎ ተናዞ፣ በጊዜው ሁለቱ ስጦታዎች እኩል ነበሩ እንበል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ዶላር ከ23 ብር ገደማ ወደ 27 ብር ተጠጋ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ቤቱ ከዋጋው ጋር አብሮ ሲወጣ ብሩ እንዳለ ተቀምጧል። አባትየው ሳያስበው ሴት ልጁን በድሏል፤ ለክርክርም በር ከፍቷል።

ስለዚህ በኑዛዜ ላይ ከብር መጠን ይልቅ ድርሻን መጻፍ ይሻላል፤ «አንድ አራተኛ»፣ «ከሽያጩ ግማሽ» እንደማለት። የተወሰነ ገንዘብ መጻፍ የግድ ከሆነ በየጥቂት ዓመቱ ማሻሻል ነው። ኑዛዜ ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ በማንኛውም ጊዜ ሊሻርና ሊለወጥ የሚችል ሰነድ ነው። አለመለወጡም የራሱ መዘዝ አለው። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ከተወለደ፣ ትዳር በፍቺ ከፈረሰ ወይም የተናዘዘበት ንብረት ከተሸጠ በዚያ ላይ የተሰጠው ስጦታ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ሊወድቅ ይችላል።

የዱቤ መዝገቡ

በነጋዴ ቤት ከቤትና ከመኪና ይልቅ አስቸጋሪው የማይታየው ሀብት ነው። የመርካቶ ንግድ የቆመው በመተማመን ላይ ነው። ዕቃ በዱቤ ይወጣል፤ በአንድ አሮጌ ደብተር ላይ «ከ. የጅማው 180» ተብሎ ይጻፋል። «ከ.» ማን እንደሆነ፣ 180ውም መቶዎች ይሁኑ ሺህ፣ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሞቷል። ያበደረው ሰው ግን ቀብር ላይ ሳይቀር ይመጣል፤ በእጁም ለመያዣ የተሰጠ ቼክ ይኖራል። ያለው ይጠፋል፤ የሌለው ይገኛል።

ዕቁቡም እንዲሁ ነው። ሟች ዕጣው ወጥቶለት ገንዘቡን ከበላ ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነው፤ ዋሱም ይያዛል። ገና ካልደረሰው ደግሞ የከፈለው ሁሉ የወራሾች ገንዘብ ነው። ዳኛውና ጸሐፊው ሐቀኞች ከሆኑ ቤተሰቡን ይጠራሉ፤ ነገር ግን ሚስት ባሏ በስንት ዕቁብ እንደሚገባ የማታውቅበት ቤት ብዙ ነው።

ደህና ጠበቃ ኑዛዜ ከማርቀቁ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው። ካርታው በማን ስም ነው? ብድሩ የት ነው፣ በምን መያዣ? ማን አለበት፣ ለማን አለበት? የዕድሜ መድን ካለ ተጠቃሚው ተሰይሟል? ተጠቃሚው ከተሰየመ የመድኑ ገንዘብ ከውርስ ውጪ በቀጥታ ለእሱ ይከፈላል፤ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ፈጥኖ የሚደርስ ጥሬ ገንዘብ ይህ ነው። ጡረታም የውርስ አካል አይደለም።

የዕዳ አከፋፈሉም ተራ አለው። ከውርሱ ሀብት መጀመሪያ የቀብር ወጪ ይነሣል፤ ከዚያ የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ በመጨረሻ የኑዛዜ ስጦታዎች ይከተላሉ። የሕጉ አርቃቂዎች ያገሩን ልማድ ያውቁ ነበርና ተዝካርን ከቀብር ወጪ አልቆጠሩትም። አንድ ሰንጋ ተጥሎ ድንኳን ተተክሎ የወጣውን ገንዘብ ከባለዕዳዎች አስቀድሞ ማስቆረጥ አይቻልም።

የራስ ያልሆነውን መናዘዝ

ብዙ የገበያ ሱቅ የግል አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ በርካታ ሱቆች በቀበሌ ወይም በመንግሥት ቤቶች ኪራይ የተያዙ ናቸው። ተከራይ ሱቁን ሊያወርስ አይችልም። ኪራዩ ለቤተሰብ መቀጠል አለመቀጠሉ በአከራዩ መሥሪያ ቤት መመሪያ የሚወሰን ነው፤ በኑዛዜ የሚተላለፈው ውስጥ ያለው ዕቃና መደርደሪያው ነው። መሬትም እንዲሁ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚወረሰው ቤቱና የይዞታው መብት ነው። ንግድ ፈቃድም በስም የተሰጠ ስለሆነ ወራሽ በራሱ ስም ማውጣት ይኖርበታል።

በማኅበር የሚነግድ ሰው መመልከት ያለበት ሌላም ሰነድ አለ። በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ የሟች ድርሻ ለወራሾች የሚተላለፍበትን ሁኔታ የማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍ ሊገድበው ይችላል፤ ከኑዛዜው ጋር ካልተጣጣመ ወራሹ ከአባቱ ሸሪኮች ጋር ይጋጫል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ሲፈቅድ፣ ባለቤቱ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ የሚተካው ሰው አስቀድሞ እንዲሰየም ጠይቋል። ይህን ስም እንደ ፎርም ማሟያ ቆጥሮ ያገኘውን ዘመድ የሚያስመዘግብ ሰው አስቦበት ቢሆን ይበጀዋል።

ከነጋዴው ብዙው ሙስሊም እንደመሆኑ የሸሪዓውም ሥርዓት ሊነሣ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ፈቃደኞች ሲሆኑ የውርስና የኑዛዜን ጉዳይ ያያሉ። በዚህ ሥርዓት መናዘዝ የሚቻለው ከዕዳ በኋላ በተረፈው ሲሶ ላይ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ መናዘዝ አይቻልም። ሚስት ልጅ ካለ አንድ ስምንተኛ ትወርሳለች፤ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። ስለዚህ ከላይ የተሰላው ሒሳብ በዚህ ቤት ሌላ መልስ ይኖረዋል።

ውክልና ኑዛዜ አይደለም

ብዙ አባቶች ለታላቅ ልጃቸው ጠቅላላ ውክልና ሰጥተው ነገር ያለቀ ይመስላቸዋል። ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል። በማግስቱ በዚያ ወረቀት ከባንክ ገንዘብ ያወጣ ወይም ቤት የሸጠ ልጅ ሳያውቀው ከወንድሞቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከወንጀል ሕግም ጋር ይጋጫል። ባንኩም ሞቱን ካወቀ የወራሽነት ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ ሒሳቡን አያንቀሳቅስም። ማስረጃውን በአዲስ አበባ የከተማው ፍርድ ቤቶች የሚሰጡ ሲሆን፣ ክርክር ከተነሣ ግን ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያመራል።

በሕይወት ሳለ መስጠት የሚፈልግ ሰው የስጦታ ውል ማድረግ ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ ግን ፎርሙ በግልጽ እንደሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ አራት ምስክር፣ ንባብ፣ ፊርማ። ከኑዛዜ የሚለየው ሰጪው በነጋታው ቢጸጸት በቀላሉ መመለስ አለመቻሉ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ልጆች ያሉት ሰው ደግሞ ዜግነታቸውን ለጠበቃው መንገር አለበት። የውጭ ዜግነት የያዘ ሰው በኢትዮጵያ ቤት እንዳይኖረው ሕጉ ለረጅም ጊዜ ይከለክል ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ግን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህን ገደብ አንሥቷል። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያቸው ባለመኖሩ ብቻ ለወራት የሚጓተት የስም ዝውውር አለ።

ለኑዛዜው አፈጻጸም ተናዛዡ ራሱ ውርስ አጣሪ ሊሰይም ይችላል። አጣሪው ኑዛዜውን የሚከፍተው ሟች ባረፈ በአርባኛው ቀን ነው፤ ዘመድ አዝማድ ለአርባው በሚሰበሰብበት ሰሞን መሆኑ ነው። ውርሱን ሌላ ሰው ይዞብኛል የሚል ወራሽ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት፤ ካልከሰሰ ያልፍበታል። ከቀድሞው ትዳር የተወለደው ልጅ እንግዲህ የሱቁን በር በቁልፍ እየጠበቀ ዓመታት ከማሳለፍ ይልቅ ይህን ቀን መቁጠር ይኖርበታል።